በደኑ ዳር የሚያልፈው መንገድ

ሞምባሳ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጓደኛዬ ለሸዋረገድ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጆሮሽስ እንዴት አደረገሽ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ እግሬ ትንሽ ከማበጡ በቀር ምንም አልሆንኩም። በስልክ ሳወራሽ ግማሹ ስለማይሰማሽ «ወረቀት ላይ ጻፊና ፎቶውን ላኪልኝ» ባልሽው መሠረት ይኸው ጽፌያለሁ። ሌንሳ በቴሌግራም ትልከዋለች። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። የአማርኛ አስተማሪ መሆንሽን ግን ለጊዜው እርሺልኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ አርመሽ እንዳትመልሺው።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት። አውቶቡሱ ከነቀምቴ መናኸሪያ እንደወጣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አደረግሁ። ባኮ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «አዴ፣ አሞዎታል?» ብላ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። አምቦን ካለፍን በኋላ ነው የገለጥኩት። አራት ዓመት ሙሉ ከከተማው ወጥቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ ቢሆን አይፈረድበትም። አውሮፕላኑን ግን አልፈራሁትም፤ ሰማይ ላይ መታጠፊያ የለም።

ልጄ ሌንሳ ከስታ እንደሆነ ጠይቀሻል። አልከሳችም። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ስታየኝ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የወደብ ዕቃ የሚያስተላልፍ ድርጅት ውስጥ ያላት ሥራ ጥሩ ነው። የዓመት ፈቃዷን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለእኔ ብላ ወስዳለች። ቤቷ ስገባ ሁለት ሳይክሎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አረንጓዴዋ የእኔ ናት።

ዕቅዱ እንግዲህ ይህ ነው፤ ከሞምባሳ እስከ ማሊንዲ የባሕሩን ዳር ይዘን በሳይክል ቀስ እያልን መሄድ። ውድድር አይደለም፣ የሚጠብቀን ጉዳይም የለም። ሲደክመን እንቆማለን፣ ያረፍንበት ቦታ ደስ ካለን እንሰነብታለን። «እማ፣ ይህ ዕረፍት ነው» ትለኛለች ሌንሳ። ሰው ላቡን እያንጠፈጠፈ የሚያርፍበት አገር መጣሁ። አንቺ ስታዲየሙ ሜዳ ላይ ኮርቻዬን ከኋላ ይዘሽ ስትሮጪ፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን ትተው ሲስቁብን የከረሙት ለዚህ ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ሳይክል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽና ብወድቅ ተጠያቂዋም አንቺ ነሽ።

ቤቴንና ዶሮዎቼን አደራ። ብቻሽን ቤቴ ውስጥ ማደሩ እንዳይከብድሽ እንጂ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

የአንቺው ድንቅነሽ


ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለድንቄ፤

ኦቦሌቲ ኮ፣ አካም ጂርታ? እንዲህ ብዬ ስጀምር እንደምትስቂ አውቃለሁ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ፣ አፋን ኦሮሞዬ ግን ከሰላምታ አያልፍም ትያለሽ። እውነትሽን ነው፤ ሰላምታዬ ግን አይታማም።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ኔትወርክ ጠፍቶብን ነበር። በስልክ የጠየቅሽኝን ልመልስ፤ አይ፣ ዶሮዎቹን ኩሽና ውስጥ አላሳድርም። አዎ፣ መኝታ ቤትሽ ውስጥ ነው የምተኛው፤ ፍራሽሽ ከእኔው ይሻላል፣ ስትመጪ መልሼ መሄዴን እንጃ። ፍልሰታን ዛሬ ያዝኩ። አንቺ እዚያ የባሕር ዓሣ እየበላሽ ስለ ሽሮዬ ባትጠይቂኝ ይሻላል።

ጎረቤታችን ኦቦ ዋጋሪ ምን እንደሚሉ ጠይቀሻል። ትናንት በእንጨት ሥራ ቤታቸው በር ሳልፍ ጠሩኝ።

«እውነት ድንቅነሽ የሰው አገር ሄዳ በሳይክል ነው የምትዞረው?»

«አዎ» አልኳቸው።

«ሱሪ ለብሳ?»

«ታዲያ በቀሚስ እንዴት ይሆናል?»

መጋዛቸውን ሲሞርዱ ቆዩና «ብትወድቅስ?» አሉኝ።

«ስትወድቅ አይቻታለሁ፤ አወዳደቅ ታውቃለች» አልኳቸው። አልሳቁም። ግን በቤተ ክርስቲያናችሁ ለመንገደኞች ሲጸልዩ ስምሽን ጠርተዋል ብለው ነገሩኝ። ሳይክሉን አልጠቀሱትም።

አንድ ጥያቄዬን ዘለሽዋል። ሌንሳ ስለ አባቷ አነሳች ወይ ብዬሽ ነበር። ልጅቱ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ መጥታ፣ መንገዱ ተዘግቶባት የባቻን ቀብር ሳታይ ነው የተመለሰችው። አራት ዓመት ሆዷ ውስጥ የያዘችውን እናቷ ካልጠየቀቻት ማን ይጠይቃታል? አንቺ ደግሞ ሰው ስለ ባቻ ሲያነሳ ሻይ ላፍላ ብለሽ ትነሻለሽ። እዚያ ሻይ የምታፈይበት ኩሽና የለሽም።

ከተናደድሽ ይቅርታ። ግን አልሰርዘውም።

ሸዋረገድ


ኪካምባላ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋዬ፤

አልተናደድኩም። ተናድጄ ነበር፣ አሁን ግን ደክሞኛልና ለመናደድ አቅም የለኝም።

ጉዞውን ጀመርን። የሞምባሳን የመኪና ግርግር በፒክአፕ አልፈን፣ ምትዋፓ ከሚባል ድልድይ ማዶ ሳይክሎቻችንን አወረድን። የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን አጥብቄ ይዤ ስለወረድኩ ሌንሳ ታች ደርሳ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ፖሌ ፖሌ፣ ማማ» ይለኛል። ቀስ በይ ማለት ነው አለች ሌንሳ። ከዚህ በላይ እንዴት ቀስ እንደሚባል ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል።

ባሕሩ ምን ይመስላል ላልሽው፤ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደነገጥኩ እንጂ አልተደነቅሁም። ስንደርስ ውኃው እስካረፍንበት ቤት ደጃፍ ድረስ ነበር። ምሳ በልተን ስወጣ የለም። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ሄዷል። ድንጋዩና አሸዋው ብቻ ቀርቶ ሴቶች ቅርጫት ይዘው ባሕሩ በነበረበት ቦታ ይመላለሳሉ። የሆነ ነገር የደረሰ መስሎኝ ሌንሳን ጠራኋት። «እማ፣ በየቀኑ እንዲህ ነው፤ ይሄድና ይመለሳል» አለችኝ። ወንበር አውጥቼ እስኪመለስ ጠበቅሁት። መጣ። ያኔ ነው የተደነቅሁት።

ነፋሱ በዚህ ወር ከደቡብ ነው የሚነፍሰው፣ ጀርባችንን ይገፋናል። ሌንሳ ሆን ብላ ነው ይህን ጊዜ የመረጠችው። ሁሉን ነገር አስባበታለች። አንዳንዴ ዞር ስል ስታየኝ አገኛታለሁ፤ ልክ እኔ የመጀመሪያ ክፍል ልጆችን ብቻቸውን ጽሕፈት ሲጀምሩ እንደማየው ዓይነት።

ስለ አባቷ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ስለ ፔዳልና ስለ ሰንሰለት ነው የምናወራው።

ወድቀሻል ወይ ላልሽው፤ አልወደቅሁም። ጉልበቴ ላይ ያለው ሌላ ነው።

ድንቅነሽ


ነቀምቴ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድንቄ፤

ደብዳቤዬ አጭር ስለሆነ ቅር እንዳይልሽ፤ ቅዳሴ አለብኝ።

ሁሉም ደህና ነው። ዶሮዎቹ ደህና ናቸው። ለጊዜው ኦቦ ዋጋሪ ግቢ ናቸው፣ ለለውጥ ያህል። እኔም ደህና ነኝ። ዝናቡ በርትቷል፣ ግን ነሐሴ ነውና አያስገርምም።

የቤትሽ ቆርቆሮ ስንት ዓመቱ ነው? እንዲሁ ነው የጠየቅሁሽ። ደግሞስ የጓሮውን ዋንዛ ባቻ ነው የተከለው ወይስ ቤቱን ስትገዙ ነበረ? ይህም እንዲሁ ነው።

ጉልበትሽ ላይ ያለው «ሌላ» ምን እንደሆነ ጻፊልኝ።

ሸዋረገድ


ኪሊፊ፣ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋረገድ፤

ጤና ይስጥልኝ። ኪሊፊ ነው ያለነው። ወደዚህ ስንመጣ ቪፒንጎ የሚባል ቦታ አለ፤ ግራና ቀኙ ዐይን እስኪደክም የቃጫ እርሻ ነው። ተክሉ በሰልፍ ቆሞ ከርቀት ሲያዩት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ይመስላል። በመካከሉ ሆዱ እንደ ጎተራ የሰፋ ዛፍ ብቻውን ይቆማል። ከዚያ ረጅም ድልድይ ተሻገርን፤ ከሥሩ ባሕሩ ወደ መሬቱ ውስጥ ሰተት ብሎ ገብቶ ነጫጭ ጀልባዎች ቆመውበታል። ድልድዩ ላይ ቆሜ ሰላምታ ሰጠኋቸው። ማንም አላየኝም።

ኪሊፊን ስለወደድኩት ትንሽ እንቆያለን። ቤት ያከራየችን ሴትዮ ደግ ናት፣ ምግቡም ተስማምቶኛል። ለምን እንደቆየን ሌላ ምክንያት የለም።

ሌንሳ ሰላም ብላሻለች።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ሸዋረገድ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ነሽ። «እንዲሁ ነው» የሚለውን አነጋገርሽን አውቀዋለሁ፤ ባለፈው እንዲሁ ብለሽ የጠየቅሽኝ ቀን የሻይ ማንቆርቆሪያዬን አቃጥለሽ ነበር። ዶሮ ለለውጥ ያህል የሰው ግቢ አይሄድም። ቤቴ ምን ሆነ? ካልነገርሽኝ እዚህ ቁጭ ብዬ የባሰውን እያሰብኩ እውላለሁ። እኔ ሰዎች ዝም ሲሉኝ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ። የባቻ ቀን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ግቢው በሰው ሲሞላ ነው ያወቅሁት።

ድንቅነሽ


ነቀምቴ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ እህቴ ለድንቄ፤

ይቅርታ አድርጊልኝ። የመጨረሻውን መስመርሽን ሳነብ አለቀስኩ። አሁን ሁሉንም እነግርሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን ማንም እንዳልተጎዳ እወቂ።

ዋንዛው ወደቀ። መሬቱ ውኃ ጠግቦ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳና ከነሥሩ ነቅሎ መኝታ ቤትሽ ላይ ጣለው። እኔ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ። የፍልሰታ ቅዳሴ በቀን ባይሆን ኖሮ ያን ሰዓት ጎኔን አሳርፋለሁ ብዬ ፍራሽሽ ላይ እገኝ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ግቢሽ በሰው ተሞልቶ አገኘሁት። ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ተጨማዷል፣ የዛፉ ቅርንጫፍ አልጋሽ ላይ ተኝቷል።

ኦቦ ዋጋሪ ጣሪያው ላይ ወጥተው መጋዝ ይዘዋል። በሰባ ዓመታቸው። «ይውረዱ እንጂ» ብላቸው አልሰሙኝም።

«ለድንቅነሽ ልጻፍላት?» አልኳቸው ከታች።

«አይሆንም» አሉኝ።

«ቤቷ ነው እኮ።»

«ቤቷማ ቤቷ ነው። ከነገርሻት ግን ነገውኑ ትመለሳለች። ይህቺ ሴት ከአራት ዓመት በኋላ ከደጇ ወጥታለች። በዛፍ ምክንያት አናስመልሳትም። እሷ ፔዳሏን ትርገጥ፣ ቆርቆሮውን ለእኔ ተዪው።»

ሳይክሉን ሲያነሱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ለራሳቸው ቤት ያስቀመጡትን ቆርቆሮ አመጡ። ከመስጊዱ ጎን ያለችው ባለሱቋ ኢማን ሚስማርና ሻይ ላከች። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን እንጨቱን ተሸከሙ፤ እየዘመሩ ስለሠሩ እኔም በጾም አንጀቴ ሳላውቀው እግሬን ስመታ ተገኘሁ። ዛሬ ጣሪያሽ አልቋል። አዲስ ነው፣ ያበራል፣ ከድሮው ይበልጣል። ፍራሽሽ ግን አልተረፈም፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ይኸው ነገርኩሽ። አሁን ተራው ያንቺ ነው። አንቺ ምግብ ተስማማኝ ብለሽ የትም ቆይተሽ አታውቂም። ኪሊፊ ውስጥ ምን አጋጠመሽ?

ሸዋረገድ


ኪሊፊ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋዬ፤

ደብዳቤሽን ለሌንሳ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ኦቦ ዋጋሪ ያሉት ጋ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ፣ እሷ ጨረሰችው። ጋለቶማ ብለሽ አመስግኚልኝ። ለኢማንም ለመዘምራኑም። ስመለስ በአካል እላቸዋለሁ።

እኔም የደበቅሁሽ አለ። ከኪሊፊ ወጥተን ነበር። ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ደን ዳር ገባ። ትልቅ ደን ነው፤ በስተግራ ዛፍ ብቻ፣ ቤት የለ፣ ሰው የለ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይሄድና ከፊት ይታጠፋል። መታጠፊያውን ሳየው እግሬ ፔዳሉ ላይ ቆመ። እኔ አላቆምኩትም፣ ራሱ ነው የቆመው። ወረድኩና ሳሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሌንሳ «እማ፣ ውኃ ጠጪ» ትለኛለች፣ ድምጿ ከሩቅ ይመጣል። ጆሮዬ የሚጠብቀው ሌላ ድምፅ ነበር።

ባቻ ከዲጋ ሲመለስ መኪናው ላይ የተተኮሰበት ቦታ እንደዚያ ነው። ዛፍ፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ከዚያ መታጠፊያ። ማን እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ዲጋ ቀብረነው ስንመለስ በዚያ ሳልፍ ዐይኔን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነው መንገድ ላይ ዐይኔን መግለጥ የተሳነኝ። ወደ ኪሊፊ ሳይክሉን እየገፋሁ ተመለስኩ።

ያን ቀን ማታ ሌንሳ ተናገረች። «እማ፣ ይህን ጉዞ ያሰብኩት ለዕረፍት ብቻ አይደለም። አባዬ የተቀበረበትን አላየሁም። ብቻዬን አልሄድም፣ ካንቺ ጋር ነው የምሄደው። አንቺ ደግሞ ነቀምቴ ቁጭ ብለሽ መቼም አትነሺም። እዚህ፣ ማንም በማያስፈራሽ አገር፣ መንገድን ብትለምጂው ብዬ ነው።»

ተናደድኩ። «እንደ ሕፃን ልታለማምጂኝ ነው?» አልኳት። «አዎ» አለችኝ፣ ዐይኗን ሳትሰብር። ያ ዐይን የባቻ ነው። ሻይ ላፍላ ብዬ ልነሳ ነበር፤ ኩሽናው ግን የሴትዮዋ ነው። ስለዚህ ተቀመጥኩ። ስለ አባቷ አወራኋት፤ ያን ጠዋት ምን እንደለበሰ፣ ምን ብሎኝ እንደወጣ፣ ሁሉን። አልጨረስንም፣ በማግስቱም ቀጠልን። አራት ዓመት ያልተወራ ነው።

በማታቱ ደኑን እንለፈው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ ታክሲውን ማታቱ ይሉታል። ገና አልመለስኩላትም። አንቺስ ምን ትያለሽ?

ድንቅነሽ


ነቀምቴ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለድንቄ፤

ሂጂ አልልሽም፣ ተመለሺም አልልሽም። ማታቱም ቢሆን አያሳፍርም፤ እኔ ብሆን ማታቱው ውስጥ ወንበር ሥር እገባ ነበር።

ግን ስታዲየሙ ሜዳ ላይ የሆነውን ታስታውሺ እንደሆነ፣ ኮርቻሽን ለቅቄው ብቻሽን ግማሽ ሜዳ የሄድሽ ቀን አልነገርኩሽም ነበር። ዞር ብለሽ ስታይኝ ሩቅ ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ ነው የወደቅሽው፤ ዞር ብለሽ ስላየሽኝ እንጂ መሄድ ስላቃተሽ አይደለም።

ይህን ጽፌ ለመላክ ከቤት ወጥቻለሁ፤ ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ላይ ብቻ ነው። ጫማዬ በጭቃ ተሞልቷል። ወደድሽም ጠላሽም መልስሽን እዚሁ ቆሜ እጠብቃለሁ አልልም፤ ጾም ነው፣ እርቦኛል። ግን ጻፊልኝ።

ሸዋረገድ


ማሊንዲ፣ ነሐሴ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸዋረገድ፣ ለጓደኛዬ፤

ማሊንዲ ነኝ። በሳይክል ነው የደረስኩት።

ማለዳ ነው የተነሳነው። ደኑ ከመጀመሩ በፊት ቆምኩና ሌንሳን «አንቺ ከኋላዬ ሁኚ» አልኳት።

«እማ፣ ከፊት ብሆን አይሻልሽም?»

«አይሻለኝም። አንቺ ከፊት ከሆንሽ ጀርባሽን ነው የማየው። መንገዱን ማየት እፈልጋለሁ።»

ጀመርን። አልደብቅሽም፤ መሪው ግራ ቀኝ ይል ነበር። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ከኋላው ትልቅ ጆንያ ከሰል ጭነው በአሮጌ ሳይክል ይሄዳሉ። ደወላቸውን እየመቱ፣ እያንጎራጎሩ ነው። ለእሳቸው ይህ ደን ምንም አይደለም፤ በየቀኑ ወደ ገበያ የሚሄዱበት መንገዳቸው ነው። መታጠፊያው ሲደርስ ሳይቀንሱ ታጠፉ። እኔም ታጠፍኩ። ዐይኔ ተከፍቶ ነበር።

ከመታጠፊያው ማዶ ምን ነበር መሰለሽ? ዝንጀሮዎች። አስፋልቱ ዳር ተደርድረው ተቀምጠው፣ አንዱ መሀል መንገድ ላይ እግሩን ዘርግቶ። ሽማግሌው በጎናቸው አለፉ። እኔ ስደርስ መሀል ያለው አልነሳ አለ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩበት ድምፅ ከሆዴ ወጣ፤ «ተነስ። ወደ ሰልፍህ።» በአፋን ኦሮሞ ነው ያልኩት። ብታይው ተነስቶ ወደ ሌሎቹ ሄደ። ሌንሳ ከኋላዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት ሳይክሏን ልትጥል ደረሰች። እኔም ሳቅሁ። ያን ደን ዳር ዳሩን እየሳቅን ነው የጨረስነው። ሲያልቅ አላወቅሁም ነበር፤ የመንደር ሴቶች ማንጎ ሲሸጡ ሳይ ነው ዞር ብዬ ደኑ ከኋላዬ መሆኑን ያየሁት።

ከዚያ ቀስ ብለን ዋታሙ አደርን፣ ማሊንዲ ትናንት ገባን። ከከተማው ወዲያ ባሕሩ ውስጥ ገባ ያለ ዓለት ላይ አሮጌ ነጭ የድንጋይ ምሰሶ አለ። መንገዱ እዚያ ያልቃል። እስከ መጨረሻው ነድቼ ሳይክሉን ምሰሶው ላይ አስደገፍኩት። ሌንሳ ፎቶ አነሳችኝ፣ ታይው ዘንድ ልኬልሻለሁ። ጉልበቴ ላይ ያለውን ቁስል አትመልከቺ፤ እሺ፣ ኪካምባላ ላይ ወድቄ ነበር።

አለቀስሽ ወይ ብለሽ እንደምትጠይቂ ስለማውቅ አስቀድሜ ልመልስ። አላለቀስኩም። ከነልብሴ ባሕሩ ውስጥ ገባሁ። ጨው ነው፣ ዐይን ያቃጥላል፣ እንደ ልጅ ተንቦጫረቅሁ። ሌንሳ ዳር ቆማ «እማ፣ ጫማሽ» ትላለች። ሰዉ ያየናል። ይይ ብዬ ተውኩት።

ማታ ለልጄ አንድ ቃል ሰጠኋት። ምን እንደሆነ ስመጣ ታያለሽ።

ነገ ጾምሽን ትፈቺያለሽ፤ እንኳን አደረሰሽ።

ድንቅነሽ


ዲጋ፣ መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሸዋዬ፤ ደብረ ብርሃን፣ ወንድምሽ ሳህሉ ቤት

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ወንድምሽንም ቤተሰቡንም ሰላም በይልኝ። ከላይ የጻፍኩትን የቦታ ስም ሁለቴ እንዳነበብሽው አውቃለሁ። አዎ፣ ዲጋ ነኝ። እህቴ ሊሊሴ ቤት፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ማን ይዟችሁ ሄደ ትዪኝ ይሆናል፤ ማንም አልያዘንም። ሌንሳ የቀረ ፈቃዷን ይዛ መጣች። ከስታዲየሙ ጎን ከሚያከራየው ሰውዬ ሁለት ሳይክል ወሰድን። ኦቦ ዋጋሪ ገልብጠው ፍሬናቸውን መረመሩ፣ የእኔን ኮርቻ ዝቅ አደረጉልኝ፣ እስከ ከተማው መውጫ አብረውን በእግራቸው መጡ። ሱሪዬን አይተው ምንም አላሉም። «ስትደርሱ ደውሉልኝ» ብቻ አሉን።

ኬላው ጋ አንድ ፖሊስ አስቆመን። «ኤሳ ዴምቱ?» አለን። ወዴት ትሄዳላችሁ ማለቱ ነው፤ ይህን እንኳ ታውቂዋለሽ።

«ዲጋ» አልኩት።

«በዚህ?» አለ ሳይክሎቹን እያየ።

«በዚሁ።»

ቀረብ ብሎ አየኝና መሣሪያውን ወደ ትከሻው መለሰ። «ቲቸር ድንቅነሽ?»

ታዲዮስ ነው። ሁለተኛ ክፍል ያስተማርኩት፣ ሁልጊዜ ጫማውን ግራና ቀኝ ቀይሮ የሚያደርገው። አሁን ጢም አብቅሏል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ነገረን፤ ጠዋትም መኪናዎች አልፈዋል አለን። ከዚያ ገመዱን ዝቅ አደረገልን። ስናልፍ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ዳገቱ የማሊንዲ መንገድ አይደለም፣ ብዙውን ገፋነው። አደዩ ወጥቶ መንገዱ ዳርና ዳር ቢጫ ሆኗል። ቦታው ስንደርስ ወረድኩ። ሌንሳ «እዚህ ነው?» አለችኝ። «እዚህ ነው» አልኳት። ዛፎቹን ቆርጠዋቸዋል፤ ሜዳ ሆኖ በቆሎ ተዘርቶበታል። እኔ አራት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ ያየሁት ደን በቦታው የለም። ሁለት ሴቶች በቆሎ ውስጥ አረም ይነቅላሉ። «ፋያ?» ብለው ሰላም አሉን። «ፋያ» አልናቸው። ትንሽ ቆመን፣ ጸለይን፣ ተነሳን።

መቃብሩን ሳየው የገረመኝ ማማሩ ነው። ሊሊሴ በየዓመቱ ሳትነግረኝ ስታጸዳው ኖራለች። ሌንሳ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና ለአባቷ ማውራት ጀመረች። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ዝንጀሮው። ዝንጀሮው ጋ ስትደርስ ስቃ፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች። እኔ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። የሚነገረው ለሁለቱ ነበርና።

ወደ ሊሊሴ ቤት ስንገባ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ከሩቅ ያዩን ሴቶች እልልታውን ጀመሩት፣ ሌሎቹም ተቀበሏቸው። እኔ በመጨረሻዋ ቁልቁለት ፍሬን አልያዝኩም ሸዋዬ። ነፋሱ ሻሼን ወሰደው። እስከ ደጃፉ ድረስ እንደዚያ ወረድኩ፣ ዕድሜዬን ሁሉ ሳይክል ስነዳ የኖርኩ ይመስል። ሊሊሴ ደረቷ ላይ ለጥፋኝ «አራት ዓመት» አለችኝ።  «መጣሁ» አልኳት።

እስከ እሑድ እዚህ ነን። መንደሩ ውስጥ ያልጠራን ሰው የለም፤ ምሳ በአንዱ፣ ራት በሌላው ቤት ነው። ቤቴ ባዶ ነውና ከደብረ ብርሃን ስትመለሺ ቀጥታ ግቢበት፤ ኦቦ ዋጋሪ አዲስ አልጋ ሠርተውልኛል፣ ሰፊ ነው።

ልጨርስ ነው። ሊሊሴ ከጠዋት ጀምሮ ሳይክሉን ስትዞረው ቆይታ አሁን ይዛው ወደ ዳገቱ እየገፋች ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። «ቆዪኝ» ብዬ ጮኼባታለሁ፤ ዞር ብላም አላየችኝም። ፍሬኑ የት እንዳለ ገና አላሳየኋትም።

ድንቅነሽ